በጅማ ዙሪያ የድንጋይ ካባ ሥራ ሲሰፋ፦ «ጠፍ» የሚባለው ኮረብታ የማን ነው?

ጅማ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ሲሚንቶ ሲያማርር ይውላል። ስለ ብረት ዋጋም እንዲሁ። ስለ ድንጋይና ጠጠር ግን የሚያወራው ሲኖትራኩ ሲዘገይበት ብቻ ነው። ድንጋዩ ከየትኛው ኮረብታ ተቆርጦ እንደመጣ፣ ከኮረብታው ስር ማን እንደሚኖር የሚጠይቅ እምብዛም የለም።

ድንጋዩ ያስፈልጋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከተማዋ እየተለወጠች ነው። በኮሪደር ልማቱ መንገዶች ሰፍተዋል፣ የእግረኛ መንገዶች ተነጥፈዋል። በ2011 ዓ.ም የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ወደ አጋሮና በደሌ፣ ወደ ቦንጋና ሚዛን የሚወጡት መንገዶች አንዴ ይሠራሉ፣ አንዴ ይጠገናሉ። የሁሉም መሠረት ድንጋይ ነው።

ድንጋይ ደግሞ ከሩቅ ማምጣት አያዋጣም። ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ክብደቱ ግን ከባድ ነው። መንገዱ በረዘመ ቁጥር የነዳጁ ወጪ የድንጋዩን ዋጋ እየበለጠው ይሄዳል። ስለዚህ ካባ፣ ማለትም ድንጋይ የሚቆረጥበትን ቦታ፣ የሚከፍት ሰው ለአስፋልት የቀረበ፣ ከከተማ ብዙ ያልራቀ፣ ካሳ የሚጠይቅ ባለይዞታ የሌለበት ቦታ ይፈልጋል። በጅማ ዙሪያ እንዲህ ያለ ቦታ ሲፈለግ ዓይን የሚያርፈው ቁጥቋጦ የለበሰው ገደላማ ኮረብታ ላይ ነው። እርሻ አይደለም። ቤት የለበትም። በወረቀት ላይ «ጠፍ መሬት» ተብሎ ይታለፋል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። በጅማ ገጠር ትልቁ ጫካ በስም የታወቀ ጠባቂ አለው። የገበሬው ማሳም የይዞታ ደብተር አለው። በሁለቱ መሀል ያለው ቁጥቋጦ ግን ሁሉም ይጠቀምበታል፣ ሲነካ ግን «የኔ ነው» ብሎ ሰነድ የሚያወጣ የለም። የካባ ሥራ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚጠፋውም እሱ ነው።

ልዩነቱን ለማየት የበለጠ ጌራን ጫካ መውሰድ ይበቃል። ከጅማ ደቡብ ምዕራብ ያለና ወደ 150 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ጫካ ነው። የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ያስተዳድረዋል። በጃፓኑ የትብብር ኤጀንሲ በጃይካ ድጋፍ በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች «ዋቡብ» በሚባሉ የደን አስተዳደር ማኅበራት ተደራጅተዋል። ከመንግሥት ጋር ውል ተፈራርመዋል። ወሰኑ በእግር ተዞሮ ተለክቷል። የጫካው ቡናም ሬይንፎረስት አሊያንስ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ምስክር ወረቀት አግኝቷል። እዚያ ጫካ ውስጥ ዶዘር ይዞ መግባት የሚፈልግ ሰው ቢያንስ የሚያቆመው ሰው ያገኛል።

ከመንገድ ዳር ያለው ኮረብታ ይህ ሁሉ የለውም። ስም እንኳ የሚጠሩት የአካባቢው ሰዎች ብቻ ናቸው።

ከኮረብታው ላይ ያለውን ነገር ቀረብ ብሎ የሚያይ ሰው ግን «ጠፍ» ለማለት ይቸገራል። ብሳና አለ። ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሰሳ አለ። ገደሉ ስር ዶቅማና ሾላ ይገኛል። ዛፎቹ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ሴቶች ጭራሮ የሚለቅሙት ከዚያ ነው። በክረምት ማሳው በሰብል ሲያዝ ከብት የሚሰማራው እዚያ ነው። ለሆድ ቁርጠትም ሆነ ለቁስል የሚሆነውን ቅጠል አዋቂዎች የሚቆርጡት ከዚያው ነው። ምንጩም አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከኮረብታው እግር ስር ነው። አንድም ነገር በሰው ስም አልተመዘገበም፤ የመንደሩ ግማሽ ኑሮ ግን እዚያ ላይ ነው።

ከድንጋዩ በፊት አፈሩ

የጅማን ካባ ከሌላው አገር ካባ የሚለየው ነገር አለ። ብዙ ጊዜ አይነሳም፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው።

ጅማ የቆመችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ለአካባቢው ድንጋይ የከተማዋን ስም ሰጥተው «የጅማ ቮልካኒክስ» ይሉታል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ከታች በብዛት ባዛልት ነው። ከላይ ራዮላይትና ትራካይት የሚባሉት የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ይበዙበታል። ይህ ድንጋይ በዝናብና በሙቀት ለረጅም ዘመን ሲበሰብስ ኖሯል። ያ ብስባሽ ነው ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው የጅማ ቀይ አፈር፣ ባለሙያዎቹ ኒቲሶል የሚሉት። ቡናውን የያዘው እሱ ነው። ውፍረቱ በብዙ ቦታ ሜትሮችን ያልፋል።

እንግዲህ ካባ የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ድንጋይ አይደለም። አፈር ነው። ስካቫተሩ አፈሩን ገፎ የሆነ ቦታ መጣል አለበት። የት ይጥላል? ሩቅ ወስዶ መድፋት ነዳጅ ያስወጣል። ስለዚህ ከጉድጓዱ ጠርዝ፣ ቁልቁለቱ ላይ ይደፋዋል። የሚበቅልበት ጠፍቶ የተራቆተ፣ ያልተጠቀጠቀ አፈር ቁልቁለት ላይ ተቆልሎ ዝናብ ይጠብቃል ማለት ነው።

ጅማ ውስጥ ዝናብ ለረጅም ጊዜ አያስጠብቅም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ያለው ጊዜ አብዛኛው እርጥብ ነው። ደረቅ አገር ላይ ለዓመታት ባለበት ሊቆይ የሚችል የአፈር ክምር እዚህ በአንድ ክረምት ወንዝ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ የሚሞላው ከስር ያለው ምንጭና የመስኖ ቦይ ነው። ቀጥሎ ጅረቱ ይደፈርሳል። ወደ ከተማው የሚፈሰው ከሆነ አዌቱ ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ቦዬ ረግረግ አለ። ረግረጉ ደለል ያጣራል። ግን እሱም ልክ አለው።

መጨረሻው ግልገል ጊቤ ነው። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ ኃይል የሚያመነጨው፣ 184 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የመጀመሪያው የግልገል ጊቤ ግድብ ከዚህ አካባቢ የሚወርደውን ውሃ ነው የሚያጠራቅመው። ከዚያ የሚወጣው ውሃ ደግሞ በተራራ ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ አልፎ የግልገል ጊቤ 2ን ተርባይኖች ያዞራል። አንድ ውሃ ሁለት ጣቢያ ያገለግላል። ስለዚህ የላይኛው ተፋሰስ ደለል የአንድ ግድብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። ወደ ግድቡ ከሚገባው ደለል አብዛኛው የሚመጣው ከእርሻና ከተራቆተ ግጦሽ ነው። ካባን የሁሉ ነገር ተጠያቂ ማድረግ ልክ አይሆንም። ግን የእርሻው አፈር በሰፊ ቦታ ተበታትኖ ትንሽ በትንሽ ነው የሚሄደው። የካባው አፈር በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜም ከጅረቱ ራስ ላይ ነው የሚለቀቀው። ለግድቡ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ከስሩ ላለው መንደር ግን የውሃ መቅጃውን ሊያሳጣ ይችላል።

ስለ ምንጩም አንድ ነገር ልበል። ባዛልት ስንጥቃት አለው። ዝናቡ በስንጥቃቱ ሰርጎ ኮረብታው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ውሃ የማያሳልፍ ሸክላማ ንብርብር ሲያገኝ ወደ ጎን ይወጣል። ምንጭ ማለት ይኸው ነው። ኮረብታው ሲቆረጥ ውሃው የሚጠራቀምበት ቦታ አብሮ ይቆረጣል። በድማሚት ሲመታ ደግሞ ስንጥቃቱ ይለወጣል፣ ውሃውም መንገድ ሊቀይር ይችላል። ምንጭ ሲደርቅ ማስረጃ ማቅረብ ከባድ ነው። «በጋው ስለከፋ ነው» ይባላል። ካባው ከመከፈቱ በፊት ምንጩ በደቂቃ ስንት ሊትር ይሰጥ እንደነበረ የለካ ስለሌለ፣ ክርክሩ እዚያው ይሞታል። አንድ ጀሪካንና የሞባይል ሰዓት ያለው ሰው ሊለካው የሚችል ነገር ነበር።

ቡናና ካባ አንድ ወቅት ይሻማሉ

አሁን ወደ አቧራው እንምጣ።

ክረምት ላይ ካባ ብዙም አይሠራም። መንገዱ ይጨቀያል፣ መኪና ይሰምጣል። ሥራው የሚጦፈው ከጥቅምት ወዲህ ነው። በጋው እስኪያልቅ ድረስ ድንጋይ የሚፈጨው ክሬሸር ይጮኻል፣ ገለባጭ መኪናው ይመላለሳል።

የጅማ ቡና የሚለቀመውና የሚደርቀውም በዚያው ጊዜ ነው። ይህን የምናውቀው ሁላችንም ነን፤ ሁለቱን ግን አንድ ላይ አስቀምጦ የሚያይ ትንሽ ነው። የጅማ ቡና በብዛት በፀሐይ የሚደርቅ ቡና ነው። ቀዩ ፍሬ ተለቅሞ ከነገለባው አልጋ ላይ ወይም ምንጣፍ ላይ ይሰጣል። ጀንፈል እስኪሆን ሳምንታት ይፈጃል። በእነዚያ ሳምንታት ያረፈበት ነገር ሁሉ አብሮት ይሄዳል። የጠጠር መንገድ ዳር የተሰጣ ቡና አንድ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር አቧራ ይለብሳል።

ገዢው ጋ ሲደርስ ቡናው በሁለት መንገድ ነው የሚመዘነው። ጥሬው ይታያል፣ ተፈልቶም ይቀመሳል። ባዕድ ነገር፣ የአፈር ሽታ፣ የአፈር ጣዕም ከተገኘበት ደረጃው ይወርዳል። የጅማ ቡና ለረጅም ዘመን በዓለም ገበያ የሚታወቀው በዝቅተኛው «ጅማ 5» በሚባለው ደረጃ መሆኑን አንርሳ። ይህን ስም ለመቀየር በጎማ፣ በማና፣ በሊሙና በጌራ አካባቢዎች ብዙ ተለፍቷል። አልጋ ተሠርቷል፣ መፈልፈያ ተተክሏል፣ ገበሬው ቀይ ቀዩን ብቻ እንዲለቅም ተመክሯል። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ የካባ መኪና መንገድ በማድረቂያው አጠገብ እንዲያልፍ መፍቀድ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ነው።

አብዛኛው አቧራ ከክሬሸሩ ሳይሆን ከመኪናው መንገድ ነው የሚነሳው። መፍትሔውም ውድ አይደለም። ውሃ ማርከፍከፍ፣ ፍጥነት መገደብ፣ ጭነቱን በሸራ መሸፈን። ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ መንገዱን ከመጀመሪያው ከማድረቂያዎቹ አርቆ ማውጣት ነው። ይህ ግን ቡናው የት እንደሚደርቅ የሚያውቅ ሰው ቦታ መረጣው ላይ ከተገኘ ብቻ ነው የሚሆነው።

አቧራው ቅጠሉም ላይ ያርፋል። ቅጠል የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ብርሃን ይቀንሳል። የካቲትና መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ቡናው ያብባል። አረቢካ ራሱን ማዳቀል የሚችል ተክል ነው፤ ሆኖም ንብ ሲጎበኘው ፍሬ አያያዙ ይሻላል። ንቡ የሚኖረው ደግሞ «ጠፍ» ባልነው ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ኮረብታው ሲራቆት የተነካው ኮረብታው ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

የሰውን ሳንባ ዝም ብሎ ማለፍም አይቻልም። ባዛልት ውስጥ ያለው ነፃ ሲሊካ የሚባል ማዕድን ትንሽ ነው። ራዮላይት ውስጥ ግን ብዙ ነው። ያንን ሲፈልጡና ሲፈጩ የሚወጣው ደቃቅ አቧራ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የሳንባ በሽታ ያመጣል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ቀስ ብሎ ስለሚመጣም ሠራተኛው ሥራውን ከተወ ከዓመታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ኮብልስቶን በመሮና በመዶሻ የሚጠርቡ ልጆችን ያየ ሰው አፍና አፍንጫቸውን የሸፈኑበትን ጨርቅ ያውቀዋል። ጨርቅ ለዚህ አይበቃም።

ካባው ሲዘጋ የሚቀረው ጉድጓድም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ይይዛል። ልጆች ሊዋኙበት ይገባሉ፣ ከብት ይወድቅበታል። ወባ ባለበት ቆላማው ክፍል ደግሞ የተኛ ውሃ ማለት ትንኝ ማለት ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በግልገል ጊቤ ግድብ አቅራቢያ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። ጉድጓድ እንደ ግድብ ትልቅ አይደለም። ትንኟ ግን ሰፊ ውሃ አትጠይቅም፤ ፀሐይ የሚያገኘው ጥልቀት የሌለው ኩሬ ይበቃታል።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። እንዲያውም ሲነበብ ጥሩ ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ያስቀምጣል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ይከለክላል። ሪፖርቱ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆንና የሚነካው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተትም ያዛል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ መሬቱን መልሶ ለማስተካከል የሚውል ገንዘብ እንዲመድብ ግዴታ ይጥላል።

ታዲያ ቀዳዳው የት ነው?

አንዱ ቀዳዳ ከዚሁ ከማዕድን አዋጁ ይጀምራል። በእጅ ለሚሠራ ባህላዊ ማዕድን አምራች የሚሰጠው ፈቃድ ከተጽዕኖ ግምገማውም፣ መልሶ ለማስተካከያ ገንዘብ ከመመደቡም ነፃ ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። መዶሻና መሮ ብቻ ያለውን ሰው የጥናት ወጪ መጠየቅ በሩን መዝጋት ነው። ግን አንድ ኮረብታ ለአንድ ኩባንያ ከመሰጠት ይልቅ ለብዙ ትንንሽ ማኅበራት ቢከፋፈል ምን እንደሚሆን አስቡት። እያንዳንዱ ትንሽ ነው። እያንዳንዱ ጥናት አያስፈልገውም። ኮረብታው ግን ሙሉ በሙሉ ይቆረጣል። ቀጥሎ አንዱ ማኅበር ስካቫተር ይከራያል፣ ሌላው ክሬሸር ካለው ባለሀብት ጋር ይዋዋላል። ሥራው የማሽን ሆኖ ወረቀቱ የእጅ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ መታየት ያለበት ፈቃዱ ሳይሆን ኮረብታው ነው። በአንድ ኮረብታ ላይ ያሉ ፈቃዶች ሁሉ ተደምረው አንድ ግምገማ ሊሠራላቸው ይገባል። ወጪውን ወጣቶቹ ሳይሆኑ ፈቃድ ሰጪው አካል ወይም ድንጋዩን በጅምላ የሚገዛው ሥራ ተቋራጭ ይሸፍን።

ሌላው ካሳ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅና ምትክ መሬት ለማያገኝ ገበሬ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ እንዲከፈለው ይላል። ቀድሞ በነበረው ሕግ 10 እጥፍ ነበር። ይኸው አዋጅ የወል መሬት የሚጠቀሙ ሰዎችም ያጡት ጥቅም ተሰልቶ ካሳ እንዲያገኙ ፈቅዷል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። መንደሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያውቀውም። የኮረብታው ማር፣ ግጦሽ፣ ማገዶና ምንጭ ገንዘብ ሆኖ ሊሰላ እንደሚችል የነገረው የለም። «ጠፍ» የሚለው መጠሪያ ሥራውን የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። መሬቱ የወል ተብሎ ቢመዘገብ ካሳ ያስከትላል። ጠፍ ተብሎ ሲመዘገብ ማንም ምንም አላጣም ማለት ነው።

ሪፖርቱ ለሕዝብ ይፋ ይሁን የተባለውም ጉዳይ አለ። የተጽዕኖ ግምገማ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በመቶ ገጾች የሚቆጠር ሰነድ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ በሕጉ ፊት ይፋ ሊባል ይችል ይሆናል። ኦሮምኛ የሚናገር የጅማ ገበሬ ግን ምኑን ያነባል? ሁለት ገጽ የኦሮምኛ ማጠቃለያ ቀበሌ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ፣ ገበያ ቀን ላይ ደግሞ ጮክ ብሎ ማንበብ ምንም አያስቸግርም።

ስብሰባውንም እናውቀዋለን። ሰው ይጠራል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ፊርማ ይሰበሰባል። ለተገኙበት የፈረሙት ፊርማ በኋላ የተስማሙበት ሆኖ ይገኛል። ሴቶች ከኋላ ነው የሚቀመጡት፤ ውሃ የሚቀዱትና ማገዶ የሚለቅሙት ግን እነሱ ናቸው።

ስለ ወጣቶቹ

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጽፍ ሰው ወጣቶቹን ከረሳ ጽሑፉ ጎዶሎ ነው። በማኅበር ለተደራጀ ልጅ ካባ የመጀመሪያ ደመወዙ ነው። መሬት የለውም። አባቱ ያለውን ቡና ለወንድሞቹ አካፍሏል። «ካባው ይዘጋ» ማለት ለእሱ «ሥራህን ተው» ማለት ነው። ከልጁ ጋር የተጣላ መንደር ደግሞ ኮረብታውን አይጠብቅም።

ስለዚህ ጥያቄው ካባ ይኑር አይኑር አይደለም፤ የት፣ ስንት፣ እንዴት ነው። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው። በየመንገዱ ዳር ከተበተኑ ብዙ ጥልቀት የሌላቸው ካባዎች ይልቅ፣ በደንብ ተጠንተው የተመረጡ ጥቂት ካባዎች ይሻላሉ። ብዙ ትንንሽ ጉድጓድ ማለት ብዙ የተገፈፈ አፈር፣ ብዙ መንገድ፣ ብዙ አቧራ ነው። አንድ ቦታ ጠለቅ ብሎ መሥራት ከተቻለ ለአንድ መኪና ድንጋይ የሚገፈፈው አፈር ያንሳል። ቀድሞ የተከፈተና ድንጋዩ ያላለቀ ካባ እያለ አዲስ ኮረብታ መፍቀድም ትርጉም የለውም።

አፈሩ ሲገፈፍ የላይኛው ጥቁር ቀይ አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይቀመጥ። ቁልቁለት ላይ አይደፋ። ከዝናብ በፊት ሣር ይዘራበት። ከካባው የሚወጣው ጎርፍ ወደ ጅረት ከመድረሱ በፊት የሚያርፍበት የደለል ኩሬ ይቆፈርለት። ሥራው ሲያልቅ ያ የተቀመጠ አፈር ተመልሶ ይለብሳል። ጅማ ላይ አፈርና ዝናብ ካለ ብሳናው ራሱ ይመጣል፤ ብዙ መትከል እንኳ አያስፈልግም። ተፈጥሮ የሰጠን ዕድል ነው። አፈሩን ወንዝ ከወሰደው ግን ባዶ አለት ላይ የሚበቅል ነገር የለም።

አንድ ነገር በዚህ አጋጣሚ ላንሳ። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በየክረምቱ አረንጓዴ አሻራ እያልን እንተክላለን። የተተከለው ችግኝ ቁጥር በየዓመቱ በዜና ይነገራል። በካባ ስር የጠፋው ቁጥቋጦ ስንት ሄክታር እንደሆነ ግን በዜና ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ድማሚት የሚተኮስበት ሰዓት ቀድሞ መታወቅ አለበት። የጭቃ ቤት ግድግዳ ንዝረት አይወድም፤ ይሰነጠቃል። የተፈናጠረ ድንጋይ ቆርቆሮ ይበሳል። ከመጀመሪያው ተኩስ በፊት የየቤቱን ግድግዳ በስልክ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ባለካባውም ያላደረሰውን ጉዳት ከመክፈል ይድናል።

የማስተካከያው ገንዘብ ደግሞ ከመጀመሪያው ባንክ መግባት አለበት። ድንጋዩ ሲያልቅ ይከፈላል የሚባል ገንዘብ አይከፈልም። ማኅበሩ ይበተናል፣ ኩባንያው ስሙን ይቀይራል፣ የወረዳው ኃላፊም ይዛወራል። ጉድጓዱ ብቻ ይቀራል። ከእያንዳንዱ መኪና ጭነት ትንሽ ትንሽ እየተቆረጠ በዝግ ሒሳብ ቢቀመጥ፣ ሒሳቡን ደግሞ መንደሩ የመረጣቸው ሰዎች ከወረዳው ጋር በጣምራ ቢፈርሙበት፣ ለወጣቶቹም አይከብዳቸውም። እንዲያውም መልሶ የማስተካከሉን ሥራ ራሳቸው ተከፍሏቸው ሊሠሩት ይችላሉ።

የበለጠ ጌራ ልምድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ዋቡቦቹ የሠሩት ዋና ነገር ወሰን መዞር፣ ያለውን መቁጠርና በጽሑፍ መዋዋል ነው። ይህን ለመንገድ ዳሩ ቁጥቋጦም ማድረግ ይቻላል። ጃይካ መምጣት የለበትም። መንደሩ ሽማግሌዎቹን፣ ንብ አርቢዎቹንና ውሃ ቀጂዎቹን ይዞ ኮረብታውን ይዙር። የትኛው ምንጭ፣ ስንት ቀፎ፣ የስንት አባወራ ከብት፣ የት የመቃብር ቦታ እንዳለ ይጻፍ። ጽሑፉ ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ገቢ ይደረግ። መሬቱ በወል ይዞታነት እንዲመዘገብም አብሮ ይጠየቅ። ይህ ከዶዘሩ በፊት መሆን አለበት። ከዶዘሩ በኋላ የሚጻፍ ሁሉ አቤቱታ ነው።

አቤቱታም ቢሆን መንገድ አለው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 አካባቢን የሚጎዳ ድርጊት ያየ ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ ባይነካው እንኳ፣ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። መሬቱ ያንተ ነው ወይ ተብሎ አይጠየቅም። ለ«ጠፍ» መሬት ከዚህ የተሻለ አንቀጽ የለም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። 30ው ቀን የሚቆጠረው አቤቱታው ከገባበት ጊዜ፣ 60ው ደግሞ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30ው ቀን ካለፈበት ጊዜ ስለሆነ በቃል ተናግሮ መመለስ ዋጋ የለውም። በሁለት ቅጂ ይጻፍ። አንዱ ይግባ፣ ሌላው ላይ መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፎ ማኅተም ያሳርፍበት። ያ ቅጂ ከቀበሌው ሊቀመንበር ይልቅ ውሃ ቀጂዎቹ ከመረጧት ሴት ቤት ይቀመጥ፤ ሊቀመንበር ይቀየራል።